በ30 ደቂቃ የተፈረደበት ማሽን

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ርዕሱ «የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሐበሻ ድስት አይችልም» ይላል። ሦስቱም ቤቴ ማሽኑ እንዳለ ያውቃሉ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከስሩ ምንም አልጻፈችም፤ የሳቅ ምልክት ብቻ ደርድራለች።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ሽሮ የያዘበት፣ ዶሮ ወጥ ያደረበትና ገንፎ የተሠራበት ሦስት ድስት ማሽኑ ውስጥ ከተቱ። 30 ደቂቃ የሚፈጀውን ፕሮግራም ነኩ። ሲከፍቱት ሽሮው ከስር እንዳለ ነው። የዶሮ ወጡ ድስት ጣት ያንሸራትታል። ገንፎው ጭራሽ ደርቆ ጠበቃቸው። ሦስቱን ፎቶ አነሱና ፈረዱ። ማሽኑ የፈረንጅ ሳህን ማለቅለቂያ ነው አሉ። በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ግን «በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ለሚኖር ሰው ገንዘብ መጣል ነው» ብለው ጨመሩበት።

ስማችን ባይነሳ ዝም እል ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማሽኑን ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ማሽን አልሸጥም፣ አላሻሽጥም። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፤ ስደርስበት አልደብቅም። መጀመሪያ ግን ልክ ያልሆኑበትን።

«30 ደቂቃ ሙሉ ታጥቦ ሽሮው አልለቀቀም» ይላሉ።

ለሽሮ 30 ደቂቃ ምን አላት? ፈጣኑ ፕሮግራም የተሠራው ለብርጭቆ፣ ለቡና ሲኒ፣ አሁን ተበልቶበት ገና ላልደረቀ ሳህን ነው። ለያዘ ድስት አይደለም። የማሽኑ መመሪያ ላይም ድስት የተሳለው ሌላ ቁልፍ አጠገብ ነው።

እናቴ የያዘ ድስት ስታይ የመጀመሪያ ቃሏ አንድ ነው። «ዘፍዝፊው» ትላለች። ያደገችው መንዝ ነው። በልጅነቷ ድስት የምትፈትገው በአመድ ነበር። ሙቅ ውሃ ታፈስበታለች፣ አመድ ትነሰንስበታለች፣ ታሳድረዋለች፣ ጠዋት ተነስታ ትፈትገዋለች። ሄርበርት ሲነር የሚባል ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ማጽዳትን በአራት ነገር ከፈለው፦ ሙቀት፣ ኬሚካል፣ ጊዜ እና ጉልበት። አንዱ ሲያንስ ሌላው መጨመር አለበት ነው ነገሩ። እናቴ ስለ ሲነር ሰምታ አታውቅም። ግን አራቱም እጇ ላይ አሉ። ሙቅ ውሃው አለ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ቅባት የሚያስለቅቀው እሱ ነው። የማሽኑ ሳሙና የሆነው ታብሌት ውስጥ ያለው ሶዲየም ካርቦኔትም የአመዱ የቅርብ ዘመድ ነው። ማደሩ ጊዜው ነው። ክንዷን አይቶ ጉልበት የለም የሚል የለም።

ማሽኑ ክንድ የለውም። ያሉት ከታችና ከመሐል የሚሽከረከሩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው መርጫዎች ናቸው። ሙቅ ውሃ ይረጫሉ፤ አይፈትጉም። ስለዚህ በጉልበት ያጣውን በጊዜና በሙቀት ያካክሳል። የድስቱ ፕሮግራም ብዙ ማሽን ላይ እስከ 70 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው በሉት። ጸሐፊው ጉልበት ለሌለው ማሽን ጊዜ ከለከሉት። ሙቀትም ቀነሱበት።

የቀረው ኬሚካሉ ነበር። እሱንም ምን እንዳደረጉት በጽሑፉ መሐል በአንዲት መስመር ሹልክ ብለው አልፈዋታል፦ «ታብሌቱ ስላለቀብኝ ትንሽ ላርጎ ጠብ አደረግሁበት።»

እዚህ ጋ ስልኬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት፤ በትክክል እንደዚያ ይላል።

ላርጎን የመሰለ በእጅ ዕቃ የሚታጠብበት ሳሙና ማሽን ውስጥ አረፋ ይሞላል። ማሽኑ የሚያጥበው ከስሩ የተጠራቀመችውን ጥቂት ሊትር ውሃ በፓምፕ እየመጠጠ መልሶ መላልሶ በመርጨት ነው። አረፋ ሲበዛ ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስባል። ግፊቱ ይወድቃል፣ መርጫዎቹ ይዝላሉ፣ አንዳንዴም ቆመው ይቀራሉ። አረፋው በበሩ ስር ካልወጣ ጸሐፊው ዕድለኛ ናቸው። ታብሌት አረፋ እንዳይፈጥር ሆኖ ነው የሚሠራው። ደግሞ ኤንዛይም አለው። አንዱ ፕሮቲን ይቆራርጣል፣ ሌላው ስታርች። ሽሮ ማለት የጥራጥሬ ዱቄት ነው፤ ፕሮቲንም ስታርችም አንድ ላይ። ገንፎ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። ሁለቱን ከድስት የሚፈታቸው ይሄ ኤንዛይም ነው፣ እሱም ጊዜና ለብታ ይፈልጋል። ላርጎ እጅ ውስጥ ጎበዝ ነው፤ እዚህ ግን ቦታው አይደለም።

እንግዲህ የጸሐፊው ሦስት ፎቶ የሚያሳየው ይህንን ነው፦ ያለ ታብሌት፣ በአረፋ፣ በ30 ደቂቃ የያዘ ሽሮ አይለቅም። በዚህ እስማማለሁ።

«ቀድሞ በእጅ ካልታጠበ አይሠራም፤ ታዲያ ማሽኑ ለምን አስፈለገ?»

ይህንን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ። ሳህኑን አጥቤ አጥቤ፣ የታጠበውን ማሽን ውስጥ እከት ነበር። እናቴ ቆማ እያየችኝ «ታዲያ ይሄ ሳጥን ምን ይሠራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልዩነቱ ጠርጎ በማስገባትና አጥቦ በማስገባት መሐል ነው። ፍርፋሪው፣ አጥንቱ፣ ከስር የቀረው ወጥ ይጠረግ። በእንጀራ ከተጠረገማ ልጆች ባሉበት ቤት ይሻሙበታል። ማለቅለቅ ግን አያስፈልግም። ብዙ አዳዲስ ማሽን የውሃውን ድፍርስነት የሚለካ ሴንሰር አለው። ራሱ እንዲመርጥ ከተዉት፣ ውሃው ጥርት ካለበት «ዕቃው ንጹሕ ነው» ብሎ ፕሮግራሙን ያሳጥራል። ከዚያ ከድስቱ ጠርዝ የቀረው ሽሮ ሳይነካ ይወጣል። የለፋ ሰው ነው የሚጎዳው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። ማጣሪያው ካልተጸዳ ያው ቆሻሻ ውሃ ነው ተመልሶ የሚረጨው። ከስር ተፈቶ ይወጣል፤ እኔ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። በርበሬው ደለል ሆኖ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ደጋው ልምጣ። በጣም የቆጨኝ ይሄ ነው።

«ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ሳይግል ስለሚፈላ ማሽኑ ቅባት አያስለቅቅም» ብለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ግድም ነው። ለዚህ ነው ሥጋና ባቄላ አልበስል እያለ ማገዶና ሰዓት የሚፈጅብን። ግን ማሽኑ ውሃ አያፈላም! በጣም የጋለው ፕሮግራሙ 70 ዲግሪ ነው። ከ90 በታች ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ማሽንም 70፣ ደብረ ብርሃን ያለ ማሽንም 70። ከፍታው ባቄላችንን ይጎዳል፤ ማሽኑን አይነካውም። የቅቤን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ ቅቤ የሰውነታችን ሙቀት አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። 70 ዲግሪ ለቅቤ ከበቂ በላይ ነው።

ደጋው የሚነካው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ግን ጸሐፊው አላነሱትም። ብርዱን። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ጠዋት ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። የቧንቧው ውሃ እጅ ይቆርጣል። 4 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ ተነስቶ 65 እንዲደርስ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ግድም መብራት ይፈልጋል። ቆላ ላይ ውሃው ለብ ብሎ ስለሚገባ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ የእኛ ማሽን ትንሽ ይበላል፣ ትንሽም ይዘገያል። ጉዳቱ ይሄ ነው። ጥቅምም አለው። ዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላል አለ። የእንቁላል ፕሮቲን በአንዴ የጋለ ውሃ ከመታው ይረጋና ዕቃው ላይ ይጠብቃል። ቀዝቅዞ ገብቶ ቀስ እያለ የሚሞቅ ውሃ ግን መጀመሪያ ያረጥበዋል፣ ከዚያ ኤንዛይሙ ሥራውን ይጀምራል።

ሌላ የብርድ ታሪክ ልጨምር። የማሽናችን ማፍሰሻ ቱቦ መጀመሪያ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ነበር የተዘረጋው። ከገና በኋላ ውሃው አልወርድ አለ። ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሲፈታው ውስጡ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ቅቤ ነው! ሙቅ ውሃው ይዞት ወጣ፣ ውጭ ያለው ብርድ መልሶ አረጋው። ሰውዬው ቱቦውን ከፍ አድርጎ አሳየንና «ይሄ ለምን ለገንፎ አይሆንም?» አለ። አሁን ቱቦው በቤት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ድስቱንም ሳላስገባው በፊት ቅቤውን በሶፍት እጠርገዋለሁ።

«የቧንቧ ውሃችን ደካማ ስለሆነ ርጭቱም ደካማ ነው» የሚለው ቶሎ ያልቃል። የርጭቱን ጉልበት የሚሰጠው ማሽኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ ነው። የቧንቧው ግፊት የሚያስፈልገው ውሃው እንዲገባ ብቻ ነው። ብዙ ማሽን ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይጠይቃል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግድም ይሰጣል። 3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ 0.3 አካባቢ ነው ማለት ነው። ጠርዝ ላይ ነው። የእኛ ሮቶ ፎቁ ጣሪያ ላይ ስለሆነ አስቸግሮን አያውቅም። ማማው አጭር የሆነበት ሰው ትንሽ ፓምፕ ማስገባት አለበት። ውሃ ካነሰ ማሽኑ ይቆምና ይጮሃል እንጂ ደከም አድርጎ አያጥብም።

«ውሃ ያባክናል» ለሚለውም ጀሪካን አለን። ባለ 20 ሊትሩን። አሁን የሚሸጡ ማሽኖች በአንድ እጥበት 10 ሊትር አካባቢ ነው የሚወስዱት፤ ከባዱ ፕሮግራም ከዚያ ትንሽ ይጨምራል። ያን ያህል ዕቃ በእጅ ስናጥብ ሁለተኛውን ጀሪካን ሳንጀምር ጨርሰን አናውቅም። ማፍሰሻው ላይ ባልዲ ደቅኖ መለካት ይቻላል። ጸሐፊው አልለኩም።

መለካት ካልን ስለ ፈተናው ራሱ ላውራ። ጸሐፊው «እነዚህን ማሽኖች የሚፈትኗቸው በፈረንጅ ሰላጣ ነው» ብለው ያሾፉት ነገር አለ። ሰላጣ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ሲፈተኑ ዕቃው የሚቆሽሸው በአጃ ገንፎ፣ በእንቁላል አስኳል፣ በተፈጨ ሥጋ፣ በቆስጣ መሰል ቅጠል፣ በወተት፣ በሻይና በማርጋሪን ነው። ሆን ተብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ ጎን ለጎን መነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ማሽን ያንኑ ዓይነት ቆሻሻ ያጥባል። ዕቃው አንድ በአንድ እየታየ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። የደረቀ የእንቁላል አስኳል አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል አያየውም። በርበሬ የለበትም፤ ይሄ ልክ ነው። ቁሌትም የለበትም። ግን የአጃው ገንፎ የገንፎአችን የአክስት ልጅ ነው።

ከዚህ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማነጻጸር፣ ሁለተኛው መድገም። የገና ማግስት የጸሐፊውን ሦስት ድስት በራሴ ቤት ደገምኩት። ሦስቱም ስቴንለስ ናቸው። ዶሮ ወጡ አድሯል። ሽሮውን አውቄ ከስር እንዲይዝ ተውኩት። እናቴ «ጤና የለሽም» አለችኝ። ገንፎው ጠዋት የተበላ ነው፣ እስከ ማታ ደረቀ።

መጀመሪያ እንደ እሳቸው 30 ደቂቃ፣ ግን በታብሌት። የዶሮ ወጡ ድስት ከሞላ ጎደል ወጣ። ሽሮው ከዳር ለቅቆ መሐሉ ቀረ። ገንፎው ቀለበት ሠርቶ ተቀምጧል። ታብሌቱ ራሱ ሙሉ በሙሉ አልሟሟም፤ ቁራጩን ከስር አገኘሁት። ጊዜ ማነሱን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ አብስዬ፣ ያንኑ ያህል አሳድሬ፣ በድስቱ ፕሮግራም አጠብኩ። በዓይን ብቻ አላመንኩም። በነጭ ሶፍት ውስጡን ጠረግሁት፤ ቅባት ካለ ቢጫ ይሆናል። የዶሮ ወጡ ሶፍት ነጭ ወጣ። ሽሮው ሁሉ ለቀቀ፤ ከስር አውራ ጣት የምታህል ያረረች ጥቁር ቦታ ብቻ ቀረች። ገንፎው ግን በአንድ ጎን ስስ ሽፋን ሆኖ ጠበቀኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ሳየው ጥፋቱ የኔ ነው። ድስቱ አብሮት የገባ ትሪ ላይ ተደግፎ፣ አፉ ወደ ጎን ዞሮ ነበር የቆመው። ውሃ ያልነካውን ማሽን አያጥብም። አፉን ቁልቁል ወደ መርጫው አድርጌ፣ ትሪውን አውጥቼ በሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። ጸዳ።

የጸሐፊውን ፎቶ እንደገና ሳየው የገንፎው ድስት የሽሮው ድስት ውስጥ ግማሽ ገብቶ ይታያል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ልክ የሆኑበት።

ያረረች ጥቁር ቦታ ያልኳት ሦስት ጊዜ ብትታጠብም አልለቀቀችም። ከሰል ሆናለች። ከሰል የሚቆርጥ ኤንዛይም የለም። ፕሮቲንና ስታርች እያለ ማሽኑ ይደርስበታል፤ ከነደደ በኋላ ግን ሽቦና ክንድ ነው። ድፎ ዳቦ ያረረበት ትሪም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው «ያረረ» እና «የያዘ» ብለው ቢለዩት ኖሮ ብዙ ባልተጨቃጨቅን።

«አሉሚኒየም ድስቴን አጠቆረብኝ» ያሉትም እውነት ነው፤ የኔንም አጥቁሮታል። አሉሚኒየምን ከላይ የሚሸፍነው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለ። የታብሌቱ አልካላይ፣ ያ የአመዱ ዘመድ ያልኩት፣ ይበላዋል። ሎሚ የተጨመረበት ውሃ ውስጡ ሲፈላ አብዛኛው ይመለሳል፤ የቀረውን ሞክሬ ትቼዋለሁ። ብዙ ቤት ያለው ድስት አሉሚኒየም መሆኑን ሳስበው ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። እንዲያውም ጽሑፉን በዚህ ቢጀምሩት እኔም ዝም እል ነበር። ሸክላ ድስትም አይገባም፤ ሳሙናውን ይጠጣና በኋላ ወጡ ውስጥ ይመልሰዋል። ጀበና አይታሰብ። የቴፍሎን መጥበሻ ዕድሜው ያጥራል። ለተዝካርና ለሰርግ የሚሆነው ትልቁ ድስት ደግሞ በበሩም አያልፍ። የፕላስቲክ ዕቃ ላይ የበርበሬና የእርድ ቀለም ይቀራል፤ ቅባቱ ይሄዳል፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል። ያ ግን በእጅም አይለቅም።

ስለ መብራት መጥፋት ያሉትን አልከራከርም። እኔ የማጥበው ማታ ነው። ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። የኔው ማለቴ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

«ማሽኑ የተፈጠረው ለሀብታም ፈረንጅ ሳህን ነው» የሚለው ቀረ። አነሳሱ እንዲያ ነው። ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል አሜሪካዊት ሴት እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበችው፣ የምትወደው የሸክላ ሳህኗ በሠራተኞች እጅ እየተሸረፈ አስቸግሯት ነው ይባላል። ግን መጀመሪያ የገዙት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ሆቴል ደግሞ ምን ዓይነት ድስት እንዳለው የታወቀ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ነው። ማሽኑን አሁንም ካልሸጡት ታብሌት ገዝተው፣ ድስቶቹን አፋቸውን ቁልቁል ደፍተው፣ ረጅሙን ፕሮግራም አንድ ሌሊት ይሞክሩት። በቤትዎ ካልሆነልዎት ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የሽሮውን ድስት እንዳለ ይዘውት ይምጡ፣ መኪናው ውስጥ ይደርቅ። ታብሌቱ ከኔ ነው። ጋቢም ይያዙ።